ከጠረጴዛችን ሥር ስለሚገጠመው ሴንሰር፦ ለመሥሪያ ቤታችን ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለመሥሪያ ቤታችን የሥራ አመራር አባላት፣ ለሰው ሀብትና ለንብረት አስተዳደር ክፍሎች

ግልባጭ፦ ተመሳሳይ ዕቅድ ለያዙ መሥሪያ ቤቶችና ለሠራተኞቻቸው

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

በየጠረጴዛው ሥር ሰው መቀመጡንና አለመቀመጡን የሚለይ ሴንሰር ልታስገጥሙ እንዳሰባችሁ ሰምተናል። የሰማነው በማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም፤ ማኪያቶ ስንጠጣ ነው። እኔ ግን ከሌላው ትንሽ ቀደም ብዬ አውቄያለሁ። ሲግናል መቀበያው የት እንደሚሰቀል፣ ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ እንዳጠና የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

ይህን የምጽፈው አልሠራም ለማለት አይደለም። ሴንሰር የሚባል ነገርም አልጠላም። የኮሪደሩን መብራት የሚያበራና የሚያጠፋውን ሴንሰር የገጠምነው እኛው ነን። ያኔ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። የኮሪደሩ ሴንሰር የሚጠይቀው «ሰው አለ ወይ?» ብቻ ነው። ማን እንደሆነ ግድ የለውም። የጠረጴዛው ግን ይለያል። እኛ ቢሮ ጠረጴዛ ሁሉ ባለቤት አለው። ስለ ጠረጴዛው የተጻፈ ነገር ስለ ሰውየው የተጻፈ ነው። ደብዳቤዬ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩም ግን ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ታገሱኝ።

ጭንቀታችሁ ይገባኛል። የሕንፃ ኪራይ እየናረ ነው። ውል የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። አንዱ ፎቅ ከሰዓት በኋላ ጭር እንደሚል እኔም በዓይኔ አያለሁ። «ይህን ሁሉ ቦታ ለምን እንከራያለን?» ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው። ጥያቄው ትክክል ስለሆነ ብቻ ግን መልሱ ከየጠረጴዛው ሥር አይገኝም።

መሣሪያውን በቀላሉ ላስረዳ። አብዛኛው የጠረጴዛ ሴንሰር ውስጡ ያለው ፒአይአር የሚባለው ነው። የሌባ ማንቂያና የኮሪደር መብራት ላይ ያለው ያው ነው። ካሜራ የለውም፣ ድምፅ አይቀዳም። ከሰውነታችን የሚወጣውን የሙቀት ጨረር ነው የሚያየው፤ እሱንም ሲለዋወጥ ብቻ። ከጠረጴዛው ሥር ተለጥፎ ወደ ጉልበታችን ያያል። እግራችን ሲንቀሳቀስ «ሰው አለ» ይላል። ለተወሰነ ደቂቃ ምንም ካልተንቀሳቀሰ «ባዶ ነው» ብሎ ይመዘግባል።

ያን የደቂቃ መጠን የሚወስነው ገጣሚው ነው። አጭር ካደረገው፣ ፀጥ ብላ ረጅም ሪፖርት የምታነብ ባልደረባችን ከወንበሯ ትሰወራለች። ካስረዘመው ደግሞ ደብዳቤ ሊያስፈርም ጎራ ያለ ሰው ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ይመስላል። ልኩን ማግኘት የሚቻለው ሞክሮ፣ በዓይን ከታየው ጋር አስተያይቶ ነው። በዕቅዱ ውስጥ ለዚህ የተያዘ ጊዜ አላየሁም። ሰኞ ተገጥሞ ማክሰኞ ሪፖርት ይወጣል የተባለ ነው የሚመስለው።

የእኛ ቢሮ ደግሞ የራሱ ጸባይ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ሂሳብ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ ሰው ጉልበቱ ላይ ጋቢ ጣል አድርጎ ነው የሚሠራው። ወፍራም ጨርቅ የሰውነትን ሙቀት ይሸፍናል። የጋቢው ላይ ከክፍሉ አየር ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ ሴንሰሩ የሚያየው ልዩነት ይደበዝዛል። ሌላው ግማሽ ከእግሩ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስቀምጧል። ማሞቂያው በራሱ ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ ሙቀቱ ይለዋወጣል። ሴንሰሩም ሰው ሳይኖር ሰው ያለ ሊመስለው ይችላል። እንግዲህ ሪፖርቱ ሲወጣ ጋቢ የለበሰችው ሴትዮ ከሥራ ቀሪ፣ ማሞቂያው ደግሞ የወሩ ምርጥ ሠራተኛ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ጽዳቶቹንም አትርሱ። ማለዳ ወንበር እየሳቡ ሲያጸዱ ጠረጴዛው ሁሉ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሥራ ጀምሮ ይገኛል። ይህኛው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ቁጥር መጣል ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ሊያስበው ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መብራት ነው። ሴንሰሮቹ በባትሪ ይሠራሉ፤ ጥሩዎቹ ባትሪ ሳይቀየር ዓመታት ይቆያሉ። መልእክታቸውን የሚቀበለው ጌትዌይ ግን መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ እስኪነሳ፣ ራውተሩ እስኪነቃ፣ መስመሩ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያ መሃል የተላከ መልእክት አንዳንዱ መሣሪያ ላይ ይቆይና ኋላ ይደርሳል። አንዳንዱ ላይ ግን በዚያው ጠፍቶ ይቀራል። ሲስተሙ «መልእክት አልደረሰኝም» እና «ሰው የለም» የሚሉትን ለይቶ ካልመዘገበ፣ መብራት የጠፋ ዕለት ሁላችንም ከሥራ የጠፋን እንሆናለን። ሻጩ ይህን እንዴት እንደሚለይ በጽሑፍ እንዲመልስ ጠይቁልኝ። በቃል አይበቃም። ጌትዌዩም የግድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ የባትሪ መሣሪያ) ላይ መሆን አለበት፤ በዋጋ ማቅረቢያው ውስጥ ግን ዩፒኤስ አልተጠቀሰም።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ያ ቁጥር ከየትኛው ጠረጴዛ ጋር እንደተያያዘ ካርታ ላይ ይሞላል። በእኛ ቢሮ ጠረጴዛ ስንቴ እንደሚዘዋወር ታውቃላችሁ። አዲስ ኃላፊ ሲመጣ ይዞራል፣ ክፍል ሲዋሃድ ይዞራል፣ ጣሪያ ሲያፈስ ይዞራል። ካርታውን የሚያድስ ሰው በስም ካልተመደበ፣ በጥቂት ወር ውስጥ የግዢ ክፍል ቁጥር የሕግ ክፍል ሆኖ ይነበባል። ማንም አያውቅም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ግን ያው እንዳማረበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የዕቅዱ ሰነድ «አማካይ አጠቃቀም» የሚል ቃል ይደጋግማል። አማካይ ለዚህ ጉዳይ ክፉ መካሪ ነው። ለምሳሌ 100 ጠረጴዛ አለን እንበል። ሰኞ ጠዋት 85ቱ ተይዟል፤ ሌላ ጊዜ 30 እና 40 ነው። አማካዩ ከግማሽ በታች ይወጣል። በዚያ ተማምናችሁ 40 ጠረጴዛ ብታነሱ፣ ሰኞ ጠዋት 25 ሰው ቆሞ ይውላል። መታየት ያለበት የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው፤ እሱም በስንት ሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ።

ዓርብን ደግሞ ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እኛም ዓርብ ምሳ የምንወጣው 5፡30 ነው፤ የምንመለሰው 7፡30። ከውጭ አገር የመጣው ሶፍትዌር ይህን አያውቅም። ካልተነገረው ግማሹን ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ለቆጠራው ሰኔም አይሆንም፤ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሰው ሁሉ እስከ ማታ ቢሮ ነው። የመስቀልና የገና ሰሞንም አይሆንም፤ ፈቃድ የሚወጣው ይበዛል። ጳጉሜንን ተዉት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን፣ ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ ሥራቸው ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ቅርንጫፍ የሚዞረው፣ ጉምሩክ የሚመላለሰው፣ ፊልድ የወጣው ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሥራው ሙሉ ነው።

እስካሁን የዘረዘርኩት በጥሩ ገጣሚና በትዕግሥት ይስተካከላል። ቀጥሎ ያለው ግን በብሎንና በፕላስተር የሚስተካከል አይደለም።

«መረጃው ስም የለበትም» ብላችኋል አሉ። እውነት ነው፤ የሰው ስም የለበትም። ግን «አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ጥግ፣ ጠረጴዛ 14» ሲባል ማን እንደሆነ ለማወቅ ጥበቃውን እንኳ መጠየቅ አያስፈልግም። በየጥቂት ደቂቃው የሚመዘገብ ነገር ብዙ ይናገራል። ማን ለሶላት እንደሚነሳ ይናገራል። ስኳር ስላለበት ቶሎ ቶሎ መጸዳጃ ቤት የሚሄደውን ይናገራል። ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰችው እናት ለልጇ ወተት ለማለብ ስንት ጊዜ እንደምትወጣ ይናገራል። ይህን ማወቅ የኪራይ ውል ለማደስ ምን ይጠቅማል? እናንተ ለክፋት እንደማትፈልጉት አምናለሁ። ነገር ግን መረጃ ከተሰበሰበ ይቀመጣል፤ ኃላፊ ይቀየራል፤ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይመጣል። ያኔ አንዱ «እስቲ ያን ነገር አውጡት» ይላል።

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 ለንደን ውስጥ የዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጠኞች ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ከየጠረጴዛቸው ሥር ትንሽ ሳጥን ተለጥፎ አገኙ። የነገራቸው ሰው አልነበረም። የሳጥኑን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ነው ምን እንደሆነ ያወቁት። አስተዳደሩ ኃይል ለመቆጠብ ነው አለ። የጋዜጠኞች ማኅበሩ ተቃወመ፣ ወሬው ወጣ፣ ሳጥኖቹ በዚያው ዕለት ተነሡ። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ጋዜጠኞች ናቸው። ሥራቸው የተደበቀ ነገር መፈለግ ነው። እነሱ ላይ መሞከር ራሱ ያስገርማል።

የቦስተኑ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2022 የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሚሠሩበት ሕንፃ ከጠረጴዛ ሥር ሴንሰር ገጠመ። ምክንያቱ የቦታ አጠቃቀምን ማጥናት ነው ተባለ። ተማሪዎቹ የመለሱት መልስ አጭር ነበር፦ እያንዳንዳችን የተመደበልን ጠረጴዛ አለን፣ ወደ ክፍሉ የምንገባውም በካርድ ነው፤ ታዲያ ምኑን ነው የምታጠኑት? ከመካከላቸው የኮምፒውተር ደኅንነት የሚያጠኑ ነበሩ። ሴንሰሮቹን ነቅለው አዳራሽ ውስጥ በእንግሊዝኛ «አይሆንም» የሚል ጽሑፍ ሠሩባቸው። ዩኒቨርሲቲው መጨረሻ ላይ ሁሉንም አነሳ። የጠፋውን ገንዘብ ለጊዜው እንተወው። በእነዚያ ተማሪዎችና በአስተዳደሩ መካከል የነበረው መተማመንስ?

የእኛም አገር ሕግ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአዋጁ መሠረት ግልጽ ነው። መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፣ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብም፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም አይቀመጥም። ጠረጴዛ 14 የማን እንደሆነ ከታወቀ፣ የጠረጴዛ 14 ቁጥር የግል ዳታ ነው ብዬ አምናለሁ። የሕግ ክፍላችን ይህን አይቶ አስተያየት ሰጥቷል? ሰጥቶ ከሆነ እናንብበው። ሌላው ዓለም ይህን በዋዛ አያየውም። የፈረንሳይ የዳታ ጥበቃ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የአማዞንን የመጋዘን ኩባንያ 32 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ከጥፋቶቹ አንዱ የሠራተኞችን እያንዳንዷን የሥራ መቆም በእጅ ስካነራቸው መከታተሉ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ እዚህ አገር ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ኮት ወንበር ላይ ሰቅሎ ላጥ ማለት የቆየ ጥበብ ነው። አለቃ ብቅ ሲል ኮቱ «አሁን እኮ እዚህ ነበረ» ይላል። ከዚያ አሻራ መጣ። ሰው አሻራውን ሰጥቶ ቁርሱን ሊበላ ይወጣል። አሁን ሴንሰር ሲመጣ ምን እንደሚፈጠር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ፕላስተር የሚለጥፍበት ይኖራል። የሚነቅለውም አይጠፋም። ትንሽ ማራገቢያ ከማሞቂያ ጋር አጋጥሞ ጥሎት የሚሄድ ብልጥ ደግሞ ከእኔው ክፍል ይወጣል። ሰው ተቆጠርኩ ብሎ ካሰበ ቁጥሩን ማጣመሙ አይቀርም። እናንተም በተጣመመ ቁጥር ፎቅ ትለቃላችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፉት። «ከቁጥሩ ይህን ካየን አንድ ፎቅ እንለቃለን፤ ይህን ካየን አንለቅም» የሚል አንድ ገጽ ይበቃል። ያ ገጽ ከሌለ የሚገዛው መሣሪያ ሳይሆን ወሬ ነው።

ቀጥሎ በወረቀት ቁጠሩ። ሁለት ሰው፣ የየፎቁ ንድፍ፣ እርሳስ። በየሰዓቱ አንዴ ዞሮ የተያዘውንና ባዶውን ምልክት ማድረግ። ስም አይጻፍም፤ የሚጻፈው በክፍል ስንት ሰው እንዳለ ብቻ ነው። ነገሩ ኋላ ቀር ይመስላል፤ ግን በውጭ አገርም የቢሮ ቦታ ሲጠና ለዘመናት የተሠራው እንዲህ ነው። ጥቂት ሳምንታት በትክክል ከተሠራ የኪራዩን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። ደግሞም ከሴንሰር ይልቅ ሰው ይለያል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ኮት መሆኑን ያውቃል።

ሴንሰር የግድ ከሆነ በስብሰባ ክፍሎች ጀምሩ። የስብሰባ ክፍል ባለቤት የለውም። ሁሌም «ተይዟል» ይባላል፤ ስንከፍተው ባዶ ነው። ወይም 20 ሰው በሚይዘው ክፍል ሁለት ሰው ቡና ይዞ ያወራል። እዚያ ላይ ሴንሰር እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ማንንም አይነካም። ለሥራ ክፍሎቹ ደግሞ በር ላይ የሚገጠምና የሚገባውን የሚወጣውን የሚቆጥር ዓይነት አለ። የአዳራሹን ድምር ይሰጣል፤ የማንንም ወንበር አይነግርም።

ለማንም ያልተመደቡት የእንግዳ ጠረጴዛዎች ላይ ግጠሙ ብትሉኝም እሺ ነው። የተመደበ ጠረጴዛ ላይ ግን ሊገጠም የሚችለው ሠራተኛው አስቀድሞ ተነግሮት፣ ቁጥሩ በክፍል ተደምሮ ብቻ እየታየ፣ የሚነሣበት ቀን ተጽፎ፣ ለአፈጻጸም ምዘናም እንደማይውል ተፈርሞ ነው። ሙከራው ከየትኛው ፎቅ ይጀመር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከእናንተ ፎቅ እላለሁ። ለተንኮል አይደለም። ስብሰባ የሚበዛበት ፎቅ እሱ ስለሆነ ጠረጴዛ ባዶ መሆኑ ሥራ መጥፋት እንዳልሆነ ከእናንተ የተሻለ የሚረዳው የለም።

ስለ ዋጋም አንድ ቃል። ማቅረቢያው ላይ ትልቁ ቁጥር የሴንሰሮቹ ነው፤ ዓይን የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ከታች በትንሽ ፊደል ያለውን ግን እዩት፦ የሶፍትዌር ዓመታዊ ክፍያ፣ በዶላር። ሴንሰሩ አንዴ ይገዛል። ክፍያው በየዓመቱ ይመጣል፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪው ነገር ምን እንደሆነ ሂሳብ ክፍል ይነግራችኋል። ክፍያው ሲቋረጥ መሣሪያው መሥራቱን ይቀጥል እንደሆነ፣ የተሰበሰበው መረጃ የማን እንደሚሆንና በየትኛው አገር ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀመጥ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

የስድስቱን የስብሰባ ክፍሎች የግጠማ ንድፍ ጨርሼ ለንብረት አስተዳደር ሰጥቻለሁ። ፈቃዳችሁ ከሆነ እሱን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መግጠም ይቻላል። የጠረጴዛዎቹን ንድፍ ግን አልጀመርኩም። የሕግ ክፍሉ አስተያየትና የሻጩ የጽሑፍ መልስ እስኪደርሰኝ፣ የግዢው ዓላማም በማስታወቂያ ሰሌዳ እስኪለጠፍ አልጀምርም። ከዚያ በኋላ ለሚኖረው ውይይት የሠራተኞች ተወካዮችን እንድትጠሩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የኔትወርክና የኤሌክትሪክ ሥራ ባልደረባችሁ
አዲስ አበባ